ቀዩ ደንና የወረቀቱ ቅጠል

አንድሬይ ታርኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሕዝብ ባቀረበው «ሶላሪስ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ብዙ ተመልካች ልብ ሳይለው የሚያልፈው አንድ አጭር ትዕይንት አለ። ከምድር እጅግ በራቀ የምርምር ጣቢያ የሚኖረው ስናውት፣ አዲስ ለመጣው ባልደረባው ለክሪስ ኬልቪን አንድ ምክር ይለግሠዋል። ወረቀት በቀጫጭኑ ቀድዶ በአየር ማናፈሻው አፍ ላይ ቢያስር፣ ሌሊት ሌሊት ቅጠል የሚንሿሿ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። ዘዴውን ያመጣው ከመካከላቸው የሞተው ጊባርያን ነው። ሁሉም ተቀብለውታል፤ በነገሩ ሲያፌዝ የነበረው ደረቁ ሳርቶርየስ እንኳ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ደብቆ አኑሮታል።

ጣቢያው የሚያንዣብብበት ፕላኔት ግን ጠፍ አይደለም። ከመስኮቱ በታች ፕላኔቱን ከሞላ ጎደል የሸፈነ አንድ ባሕር ይናወጻል፤ ባሕሩም ሕይወት ያለው፣ ምናልባትም የሚያስብ ነገር ነው። ሳይንቲስቶቹ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህንኑ ለመመርመር ነው። ሌሊት ሲሆን ግን ጆሯቸውን የሚሰጡት ለባሕሩ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው። ስለ ሌላ ዓለም ተፈጥሮ የሚደርስ፣ የሚሥል ወይም ፊልም የሚሠራ የኪነ ጥበብ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር በዚህች ትዕይንት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ዓይኑን ወደ ባሕሩ ይልካል፤ እጁ ግን ወረቀት ይቀድዳል።

የሌላ ዓለም ዕፅዋት በልብ ወለድ ማሳ ላይ መብቀል ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ መልክ ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» ውስጥ፣ ከማርስ የመጡት ወራሪዎች ዐውቀውም ይሁን ሳያውቁ ዘሩን ይዘውት የመጡ ቀይ አረም አለ። አረሙ ውኃ ባገኘበት ሁሉ ይንሰራፋል፤ የቴምዝን ወንዝ ያፍናል፤ ጥቂት ሰንብቶም ምድራውያን ረቂቅ ሕዋሳት በሚያመጡት በሽታ ተመትቶ ይበሰብሳል። ዌልስ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አውሮፓውያን በታስማንያ ነባር ሕዝብ ላይ የፈጸሙትን ዕልቂት ማንሳቱ የአረሙን ትርጉም ግልጽ ያደርገዋል። ቅኝ ገዥ ብቻውን አይመጣም፤ ዘሩንም እንስሳውንም በሽታውንም አስከትሎ ይመጣል። እንደ ማኅበራዊ ሒስ ከተመዘነ ቀዩ አረም ሹል ነው። እንደ ሌላ ዓለም ዕፅ ከተመዘነ ግን ቀለሙ የተለወጠ የምድር አረም ከመሆን አያልፍም። ለነገሩ «አረም» የሚለው ቃል ራሱ የዕፅ ስም ሳይሆን የገበሬ ፍርድ ነው፤ ባልተፈለገበት ቦታ የበቀለ ሁሉ አረም ይባላል። ዕፁ በገዛ ማርሱ ላይ ምን ይባል እንደ ነበር፣ ማን ይበላው፣ ምን ይነቅለው እንደ ነበር አንባቢው አይነገረውም።

ከዌልስ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ሩሲያዊው ሐኪም፣ ፈላስፋና አብዮተኛ አሌክሳንደር ቦግዳኖቭ «ቀዩ ኮከብ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊዮኒድ የዘመኑ ሩሲያዊ አብዮተኛ ሲሆን ማርሳውያን ጋብዘውት ሶሻሊዝም ወደ ሰፈነባት ማርስ ይሄዳል። በዚያች ፕላኔት ዕፅዋት ቀይ ናቸው። ሊዮኒድም ይህን ሲሰማ የሶሻሊስት ሰንደቅ ቀለም መሆኑን ጠቅሶ፣ ከማርስ «ሶሻሊስታዊ ተፈጥሮ» ጋር መላመድ ይኖርብኛል በማለት ይቀልዳል።

አንድ ደካማ ደራሲ እዚህ ላይ ባቆመ ነበር። ቅጠሉን በሰንደቁ ቀለም ነክሮ፣ ተፈጥሮ ራሷ ለዓላማችን ትመሰክራለች ብሎ፣ የግድግዳ ሥዕል ሠርቶ በወጣ ነበር። ቦግዳኖቭ ግን የተሻለ ነገር ያደርጋል፤ ቀልዱን ወደ ቀላጁ ይመልሰዋል። የጉዞው መሪ ሜኒ፣ እንዲያ ከሆነማ በምድር ተፈጥሮም ውስጥ ሶሻሊዝም ተደብቆ አለ ማለት ነው ይለዋል። የምድር ቅጠልም ቀይ ብርሃን አለው፤ አረንጓዴው ስለሚበረታበት ብቻ አይታይም። አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን የሚያሳልፍ መነጽር ያደረገ ሰው የምድርን ደንና ማሳ እንደ ማርስ ቀይ ሆኖ ያየዋል። በዚህች ንግግር ውስጥ ከፖለቲካው ቀልድ ይልቅ የሚያስደንቀው ነገር፣ የሌላው ዓለም ቀለም በሌላው ዓለም ቅጠል ላይ ሳይሆን በተመልካቹ መነጽር ላይ መገኘቱ ነው።

ቀልዱ ደግሞ ደራሲው ካሰበው በላይ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የለመለመ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ሲውጥ፣ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውንና የሰው ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን በብዛት መልሶ ይረጨዋል። ለውጡ የሚጀምረው የሞገዱ ርዝመት 700 ናኖሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ነው። ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ጁፒተር በማምራት ላይ ሳለች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1990 በምድር አጠገብ ባለፈች ጊዜ በመሣሪያዎቿ የመዘገበችው ይህንኑ የቅጠል ምልክት ነው። ካርል ሴጋንና ባልደረቦቹ በ1993 ውጤቱን ሲያትሙ፣ ምድርን ለማያውቅ ተመልካች በእሷ ላይ ሕይወት መኖሩን ከሚጠቁሙት ማስረጃዎች አንዱ አድርገው አቀረቡት። ዛሬ በሩቅ ከዋክብት ዙሪያ ስለሚገኙ ፕላኔቶች የሚያጠኑ ሊቃውንትም ቢያገኙት ከሚመኟቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። የሜኒ መነጽር ቴሌስኮፕ ላይ ተገጠመ ማለት ይቻላል።

«ቀዩ ኮከብ» ከዚህም የከበደ ጉዳይ ያነሣል። ሊዮኒድ ማርስን የሰላምና የደስታ ምድር አድርጎ ሲያወድስ፣ ሰላሙ በሰዎች መካከል እንጂ ከተፈጥሮ ኃይሎች ጋር እንዳልሆነ ይነገረዋል። ማርሳውያኑ የድንጋይ ከሰላቸው ባለቀና በሌላ ኃይል የመተካቱ ሥራ ባልተጠናቀቀ ጊዜ፣ አዳዲሶቹን መኪናዎች ለመሥራት ሲሉ ከሚወዱት ደናቸው ብዙውን ጨፍጭፈዋል፤ የፕላኔታቸው ገጽ ለዐሥርታት ዓመታት ተበላሽቷል፤ የአየር ጠባያቸውም ተዛብቷል። መደብ የጠፋበት ኅብረተሰብ ከደኑ ጋር ያለውን ቅራኔ አልፈታም። ይባስ ብሎም ስቴርኒ የተባለው ማርሳዊ የሒሳብ ሊቅ፣ የምግብና የጥሬ ዕቃ እጥረት እንዳይደርስባቸው የምድርን ሰዎች አጥፍቶ ምድርን መያዝ ይሻላል የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ቀዩ ደን በመጽሐፉ ውስጥ ክብደት የሚያገኘው በቀለሙ ሳይሆን ሊያልቅ የሚችል በመሆኑ ነው።

ይህን ያህል ካመሰገኑት በኋላ ግን ድክመቱን አለመናገር አይገባም። በቦግዳኖቭ ደን ውስጥ አንባቢው የሚያስታውሳት አንዲት ዛፍ የለችም። ቅጠሉ ይሻክር ይለስልስ፣ ሲቀጠፍ ምን ይሸት፣ ዝናብ ሲመታው ምን ድምፅ ያሰማ እንደ ሆነ አይታወቅም። ደኑ የክርክር ነጥብ ነው፤ አንባቢው ከውስጡ ሲወጣ በጫማው ሥር አንዲት ቅጠል ተለጥፋ አትገኝም።

በማርስ ቀለም የተታለሉት ደራሲያን ብቻ አልነበሩም። ጋቭሪል ቲኮቭ የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 የፀሐይ ግርዶሽ ለመመልከት ወደ አልማ አታ ሄዶ በዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1947 በካዛክስታን የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ «አስትሮቦታኒ» የተሰኘ፣ የሌሎች ፕላኔቶችን ዕፅዋት የሚያጠና ክፍል አቋቋመ። በማርስ ላይ የሚታዩትና ከወቅት ወደ ወቅት መልካቸውን የሚለዋውጡት ጠቆር ያሉ ሥፍራዎች ዕፅዋት ከሆኑ፣ የምድር ቅጠል የሚረጨውን ያን ዓይን የማያየውን ብርሃን ለምን አይረጩም? ይህ ጥያቄ ተቃዋሚዎቹ ያቀረቡለት ጥያቄ ነበር። ቲኮቭና ረዳቶቹ በብርዳማ የሰሜን አገሮችና በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅሉ ዕፅዋትን ብርሃን ይለኩ ገቡ። ብርድ የበረታበት ተክል ያን ሙቀት አዘል ብርሃን እንደ ቆላ ተክል አያባክነውም የሚል መልስም ይዘው ተመለሱ። እንደ ቲኮቭ ስሌት እንግዲህ የማርስ ዕፅ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ መሆን ነበረበት።

ቲኮቭ እ.ኤ.አ. በ1960 ሞተ። በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር ከማርስ 22 ፎቶግራፎች ላከች፤ በፎቶግራፎቹ ላይ የታየው በድብደባ የተቦዳደሰ፣ ጨረቃን የመሰለ ምድረ በዳ ነበር። ጥቁርና ፈዛዛ ሆኖ ሲለዋወጥ የኖረው መልክም ነፋስ የሚያመላልሰው አቧራ መሆኑ በኋላ ታወቀ። በዚህ ሰው መሳቅ ቀላል ነው፤ ሣቁ ግን ተገቢ አይደለም። ደራሲዎቹ ቀለሙን ሲመርጡ፣ እሱ ከብርዱና ከብርሃኑ አስልቶ ሊያወጣው ሞክሯል። ዕፁ ምን እንዲመስል እንፈልጋለን ሳይሆን፣ ዕፁ እዚያ ቦታ ለመኖር ምን ያስፈልገዋል ብሎ ጠይቋል። መልሱ ቢሳሳትም ጥያቄው እስከ ዛሬ ይሠራል። ናንሲ ኪያንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ ብርሃናቸው ደካማ በሆነ ቀያይ ከዋክብት ዙሪያ ዕፅዋት ቢኖሩ ያገኙትን ብርሃን ሁሉ ለመሰብሰብ ሲሉ ለሰው ዓይን ጥቁር ሊመስሉ እንደሚችሉ ያመለከቱት በዚሁ መንገድ ሄደው ነው። ለሠዓሊም ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። የስሜንን ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የቆላ ሰው ጅብራን ሲያይ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ተክል ያየ ሊመስለው ይችላል፤ የተራራው እረኛ ግን ከጎኑ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። እንግዳነቱ ከቅርጹ የመጣ አይደለም፤ ውርጩንና ከፍታውን ካለማወቅ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ላቲኖች ተፈጥሮን የሰየሙበት «ናቱራ» የተባለው ቃል «ተወለደ» ከሚል ግሥ የወጣ ነው። የሩሲያኛው «ፕሪሮዳ»ም ዘርንና ልደትን ከሚያመለክት ሥር ይመዘዛል። በሁለቱም ዘንድ የቃሉ ግንድ የሚወለደውና የሚያድገው ነገር ነው። አማርኛው ግን «ተፈጥሮ»ን ያወጣው «ፈጠረ» ከሚለው ግሥ ነው። በዚህ ቃል ፊት ሣሩና ድንጋዩ እኩል ይቆማሉ፤ የሰው ጠባይ እንኳ ሳይቀር «ተፈጥሮው ነው» ይባልበታል። ቃሉ ፈጣሪን በጀርባው አዝሎ ስለሚሄድ በሳይንስ መምህር አንደበት ላይ ጥቂት ይከብድ ይሆናል። ለተያዘው ጉዳይ ግን ምቹ ነው፤ ስለ ጨረቃ አለት «ተፈጥሮ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን አላግባብ ዘረጋኸው ተብሎ አይወቀስምና። «ልምላሜ» ሌላ ቃል ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ነው የብዙውን ምናባዊ ድርሰት እጅ የሚይዘው።

ሁለቱን ያላደባለቀ ደራሲ ቢኖር ፖላንዳዊው ስታኒስዋቭ ሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው «ሶላሪስ» ውስጥ ቅጠልም፣ ሥርም፣ ዓሣም የለም። ያለው ባሕሩ ብቻ ነው። ፕላኔቱ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ በሆኑ ሁለት ፀሐዮች መካከል ይዞራል፤ እንደ ሒሳቡ ከሆነ ምሕዋሩ መናጋት ነበረበት፤ ባሕሩ ግን ያቀናዋል። ከውስጡ ከተማ የሚያካክሉ ቅርጾች ይነሣሉ፣ ይፈርሳሉ፤ አጠገቡ የቀረበለትን ዕቃ አስመስሎ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። ምን ዓይነት ነገር ነው? የመጽሐፉ ሊቃውንት በዚህ ላይ ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ጽፈዋል። ሕይወት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ነገድና ወገን አበጅተው በሥርዓት የመደቡትም አሉ። ስሞቹ ይከመራሉ፤ ባሕሩ አንዱንም አይቀበልም። ሌም የምደባውን ድካም በገጽ በገጽ ሲተርክ አንዳንድ አንባቢ ይሰለቻል፤ መሰልቸቱ ግን የድርሰቱ አካል ነው። በምድር ላይ የተሠራ መዝገብ ለዚያ ነገር ዓምድ የለውም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ስናውት ኬልቪንን የሚወቅሰው ወቀሳም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው ሌላ ዓለም እፈልጋለሁ ሲል የገዛ መልኩን የሚያይበት መስተዋት መፈለጉ ነው።

ታርኮቭስኪ ይህን መጽሐፍ ይዞ ምን አደረገ? ፊልሙን የከፈተው በባሕሩ ሳይሆን በምድር ኩሬ ውስጥ በሚወዛወዝ የውኃ ሣር ነው። ተመልካቹ ወደ ጠፈር ከመውጣቱ በፊት ከግማሽ ሰዓት በላይ በኬልቪን አባት ቤት ዙሪያ ይቆያል፤ ጭጋግ፣ ዛፍ፣ ፈረስ፣ በረንዳ ላይ በተዘረጉ ሲኒዎች ላይ የሚወርድ ዝናብ ያያል። ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሌም በዚህ ተቆጥቷል፤ ሞስኮ ድረስ ሄዶ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጨቃጭቋል። ቤተ ዘመዱን ሁሉ መጨመሩን አጥብቆ ነቅፏል፤ ታርኮቭስኪ የሠራው «ሶላሪስ»ን ሳይሆን የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» ነው እስከ ማለትም ደርሷል።

የደራሲው ክስ ግማሹ ትክክል ነው። በፊልሙ ውስጥ ባሕሩ ድኻ ነው። ከአሴቶን፣ ከአሉሚኒየም ዱቄትና ከቀለም ተቀምሞ በጥቂት ቅጂዎች ላይ ይሽከረከራል፤ የሌም ባሕር ያሠራቸው ታላላቅ ሕንጻዎች አንዳቸውም አይታዩም። በሰው አእምሮ ሊደረስበት የማይቻለው ተፈጥሮ ተቀንሶ፣ በቦታው የአንድ ባልና የሞተች ሚስቱ ጸጸት ገብቷል። ናታልያ ቦንዳርቹክ ሃሪን ሆና ስትጫወት የትወናው ኃይል ተመልካቹን ስለሚይዘው፣ ይህች ሴት ባሕሩ የሠራት ነገር መሆኗን ለረጅም ጊዜ ይረሳዋል። ሌም እንዲረሳ አልፈለገም ነበር።

የክሱ ሌላው ግማሽ ግን አይጸናም። የካሜራው ባለሙያ ቫዲም ዩሶቭ የቀረጸውን ያን የውኃ ሣር በትዕግሥት የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይደርስበታል። ሣሩ የታወቀ የወንዝ ሣር ነው፤ ግን በውኃው ውስጥ ያለ አጥንት ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ ለማንም ሳይል ሲንቀሳቀስ፣ ከፊልሙ ባሕር ይልቅ የሌላ ዓለም ነገር የሚመስለው እሱ ነው። ዕፁ ወደ ሰው አይመለከትም። ሰው ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ታርኮቭስኪ ሌላውን ዓለም ከበረንዳው ሥር አገኘው፤ የሌም ብስጭት ይህን እንዳያይ ጋርዶታል።

ይህ ንባብ ከፊልሙ ውጪ የተጫነ እንዳልሆነ መጨረሻው ይመሰክራል። ኬልቪን ከምድር ይዟት የወጣት ትንሽ የብረት ሣጥን በጣቢያው መስኮት ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከውስጧም አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል። ከዚያ ወደ ኩሬው እንመለሳለን። ኩሬው ግን በረዶ ይዟል፤ ዛፎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ኬልቪን ወደ አባቱ ቤት ሄዶ በመስኮት ሲመለከት፣ ዝናቡ የሚወርደው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ በአባቱ ትከሻ ላይ። ካሜራው ወደ ላይ እየራቀ ሲሄድ ቤቱ፣ ኩሬውና ዛፉ ሁሉ በሶላሪስ ባሕር መካከል ያለች ደሴት ላይ መሆናቸው ይገለጣል። ደሴቲቱን የሠራት ባሕሩ ነው። የሰውን ናፍቆት አንብቦ ዛፍና ቤት ሠራ፤ ዝናብ ከጣራ በላይ መዝነብ እንዳለበት ግን አልገባውም። ሰዎቹ ከማናፈሻው አፍ ላይ ወረቀት አስረው ቅጠል እንዳሉት ሁሉ፣ ባሕሩም በአቅሙ የወረቀት ቅጠል ቀደደ። በሁለት ተፈጥሮዎች መካከል የተደረገው ብቸኛ ንግግር ይህ ነው፤ በሁለቱም ወገን ስሕተት የሞላበት ንግግር።

ሌላ መንገድ የሄደች ደራሲ አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለጉዊን ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው አጭር ድርሰት፣ አንድ የአሳሾች ቡድን ዕፅዋት ብቻ ወዳሉባት ፕላኔት ይደርሳል። እንስሳ የለም፤ የሚበላም የሚበላም የለም፤ ሣር፣ ዛፍና ሥር ብቻ። አሳሾቹ ጫካው ውስጥ ሲገቡ ምክንያቱን የማያውቁት ፍርሃት ይይዛቸዋል። ፍርሃቱ የእነሱ ሳይሆን የጫካው ነው። ከራሱ ሌላ ምንም ነገር ኖሮ የማያውቅ ፍጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ነገር ገጥሞታል። ከዌልስ ጀምሮ ሰው የሌላ ዓለምን ዕፅ ሲፈራ ኖሯል፤ እዚህ ዕፁ ሰውን ይፈራል። ለጉዊን የሌላውን ስሜት የሚቀበል ኦስደን የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጥራ ዕፁን በእሱ አንደበት ማናገሯ የብልኀት ማነስ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ያለ አስተርጓሚ ጫካውን መስማት አልቻለችም። ቢሆንም ድርሰቱ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት «አቫታር» ከተሰኘው ፊልም በእጅጉ ይልቃል። በ2009 ለዕይታ የበቃው የጄምስ ካሜሮን ደን በሌሊት ያበራል፤ ዓይንን ይማርካል። ነገር ግን እንስሳውም ዛፉም ከነዋሪዎቹ የጠጉር ጉንጉን ጋር እንደ ሶኬት የሚገጣጠም ሆኖ ስለተሠራ፣ በዚያ ደን ውስጥ ለሰው መሰሉ ፍጥረት የማይታዘዝ አንድም ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

የቀረው ጥያቄ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ሕይወት ጨርሶ የሌለበት ሥፍራስ? ኪም ስታንሊ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው «ቀይዋ ማርስ» በተሰኘ ልብ ወለድ ውስጥ በማርስ ከሠፈሩት የመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች መካከል አን ክሌይቦርን የተባለችው የሥነ ምድር ሊቅ አለቱ እንዳለ ይተው ትላለች፤ ሳክስ ረስል የተባለው ሳይንቲስት ደግሞ ሕይወት ያልገባበት ፕላኔት ባዶ ነውና እናለምልመው ይላል። ሮቢንሰን ሁለቱንም አያሳፍርም፤ ሆኖም የአንን ክርክር የሚያነቡ ብዙዎች፣ ድንጋይን እንደ ልጅ መውደዷን እንደ እብደት ይቆጥሩታል።

እነዚህን አንባቢዎች ወደ ዳሎል መውሰድ ይሻላል። በአፋር ክልል በደናክል ረባዳ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዚህ ሥፍራ፣ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው ፍል ውኃ በጨውና በአሲድ የተሞላ ነው። ቢጫው፣ ብርቱካናማውና አረንጓዴው ቀለም ጎን ለጎን ተንጣልሎ ይታያል። አረንጓዴው ግን የዕፅ አረንጓዴ አይደለም፤ ብረትና ጨው የሠሩት ነው። በሌላ ቦታ ሁሉ የልምላሜ ምልክት የሆነው ቀለም እዚህ የሚያመለክተው መርዝ ነው። የማርስን ጥንታዊ ገጽ ለመረዳት የሚሹ ተመራማሪዎች ወደ ሥፍራው ይመላለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ከዚያ በወሰደው ናሙና ውስጥ እጅግ ረቂቅ ሕዋሳት እንዳገኘ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ አሲዱም ጨውም እጅግ በበረታባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት እንደሌለ ገለጸ፤ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ዓይንን ሊያታልሉ እንደሚችሉም አስጠነቀቀ። ክርክሩ ስለ ማርስ የሚደረገው ክርክር ታናሽ ወንድም ነው።

ከኩሬዎቹ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ የአፋርና የትግራይ ሠራተኞች የጨውን ቅርፊት በመጥረቢያ ይፈለፍላሉ፤ ጠርበው በግመልና በአህያ ይጭናሉ። አሞሌ ሆኖ ለብዙ ዘመን በገንዘብ ፋንታ ያገለገለው ጨው ከዚሁ አካባቢ የወጣ ነው። ቅጠል ስለማይበቅልበት ብቻ ዳሎል ተፈጥሮ አይደለም የሚል ሰው ከጨው ቆራጮቹ መካከል አይገኝም። በሮቢንሰን መጽሐፍ ውስጥ አን ልታስረዳ ስትደክም የምትውለውን ነገር እነሱ በመዳፋቸው ያውቁታል። የልብ ወለድ ደራሲ ወይም ሠዓሊ ሕይወት የሌለበትን ፕላኔት በቁም ነገር ሊያሳይ ቢፈልግ፣ ቀለሙን ከደን ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ሥፍራ ቢቀዳ ይሻለዋል፤ ሊሠራው የሚገባው ጥናትም እንደ ቲኮቭ ከብርዱ፣ ከሙቀቱና ከብርሃኑ የሚነሣ ነው።

በተግባር የሚታየው ግን የሳጥኗ ቡቃያ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ቻንግ ኧ 4 የተባለችው የቻይና መንኮራኩር በጨረቃ ሩቅ ገጽ ላይ ባረፈች ጊዜ፣ በያዘችው የታሸገ ዕቃ ውስጥ የጥጥ ዘር በቀለ። ቡቃያው ብዙ አልቆየም፤ የጨረቃ ሌሊት ሲመጣ በብርዱ ሞተ። ካሜራው የተተከለው በዕቃው ውስጥ ስለ ነበር፣ በዓለም ዙሪያ በተሠራጨው ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው አረንጓዴው ቡቃያ ብቻ ነው፤ ከዕቃው ግድግዳ ማዶ ያለው የጨረቃ አለት አይታይም።